በቡናው አገር ስለ ታናሹ ሞተር ብስክሌት ትንፋሽ
ስለ ቱርቦና ስለ ቤንዚን መርጫ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ፥ ከዚያም ወደ ቴፒ የሄደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ቀድሞ በቅሎና ፈረስ ይሠሩት ከነበረው ሥራ ዛሬ ብዙውን የሚሠራው፥ ሕዝቡ በአጭሩ «ሞተር» እያለ የሚጠራው ታናሹ ሞተር ብስክሌት ነው። ቡናው መቅላት ሲዠምር እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ከጫካው ዳር ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያደርሰው እርሱ ነው። የካፋንና የሸካን ማር፥ ኰረሪማውንና ቅመሙን ሁሉ ወደ ገበያ የሚያወጣው እርሱ ነው። በሌሊትም ድንገት የታመመ ሰው ቢኖር መኪና ከማይደርስበት መንደር ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው እርሱ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ላለ ቤተ ሰብ ሞተር ብስክሌት መዝናኛ ሳይሆን እንጀራ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከነዚህ ሞተር ብስክሌቶች መካከል ያረጁት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የእርሻና የጤና መሥሪያ ቤቶች በገጠር ለሚዘዋወሩ ሠራተኞቻቸው ይሰጧቸው ከነበሩት ያማሃና ሆንዳ ወገን ናቸው። ሌሎቹም ከቻይናና ከህንድ የመጡ፥ ስፋታቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሚደርስ ናቸው። በደልዳላ መንገድ ደኅና አድርገው ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ከኋላ አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ተጭኖባቸው ወደ ዳገቱ ሲወጡ ይደክማሉ፥ ያቃስታሉ፥ ጥቁር ጢስም ይተፋሉ።

በዚህ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ለብልሃት ሥራ የተፈጠረ ጐበዝ ልጅ ያለ እንደ ሆነ፥ የጭነት መኪኖች በቱርቦ ዳገት ሲወጡ አይቶ፥ አዲሶቹም ሞተር ብስክሌቶች ካርቡሬተር ትተው በኢንጀክሽን እንደሚሠሩ ሰምቶ፥ «አባባ፥ በእኛዪቱም ላይ ቱርቦና ኢንጀክሽን ብናስገጥምባት እንደ ትልቁ ሞተር ትሆናለች» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አባትም ነገሩን ሳያውቅ እሺ ቢል ገንዘቡን ይከስራል፤ ሳያውቅም እንቢ ቢል የልጁን የዕውቀት ፍላጎት ያጠፋል። ስለዚህ አባትም እናትም መልሳቸውን በምክንያት ላይ እንዲመሠርቱት፥ የነገሩን ሁኔታ በየተራው እንገልጻለን።

ሞተር እንደሚተነፍስ

ሞተር እንደ ሰው የሚተነፍስ ነገር ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን የተደባለቀበትን ትንፋሽ ይስባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ያን ይጨምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭታውን ሲሰጥ ይነድዳል፤ የነደደውም ፒስተኑን በኀይል ገፍቶ ካወረደ በኋላ ጢሱ በማርሚታ በኩል ይወጣል። አንድ ክፍል ቤንዚን ፈጽሞ እንዲነድድ በክብደት 14.7 ክፍል ያህል አየር ያስፈልገዋል። እንግዲህ የሞተር ኀይል የሚወሰነው በቤንዚኑ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ወደ ሆዱ ሊያስገባው በሚችለው አየር ክብደት ነው።

አየሩ ግን በሁሉ ስፍራ አንድ ዐይነት ክብደት የለውም። ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ በወጣን መጠን እየሳሳ ይሄዳል። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ያህል፥ ሚዛን ተፈሪ 1450 ሜትር ያህል፥ ጅማ 1780 ሜትር ያህል፥ አዲስ አበባ ደግሞ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋራ ሲመዛዘን በቴፒ ከመቶ 13 ያህል፥ በሚዛን ተፈሪ 16 ያህል፥ በጅማ 19 ያህል፥ በአዲስ አበባ 25 ያህል ያንሳል። የሞተሩም ኀይል በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 11 የፈረስ ጕልበት የነበረው 125 ሲሲ ሞተር በሚዛን ተፈሪ 9 ከሩብ ያህል፥ በአዲስ አበባም 8 ከሩብ ያህል ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ባለቤቱ ሞተሩ አርጅቶ ደከመ ቢልም፥ ከድካሙ አንዱ ክፍል የእርጅና ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው።

በዚህ ላይ ካርቡሬተር የሚባለው ዕቃ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። እርሱ በባሕር ጠረፍ እንደ ተለካለት ቤንዚኑን ስለሚሰጥ፥ በደጋ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ትርፉ ቤንዚን ሳይነድድ በጥቁር ጢስ ይወጣል፤ ካንዴላውንም በጥላሸት ይሸፍነዋል። ስለዚህ በደጋ ያለ ያልተስተካከለ ሞተር ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ አንደኛ ኀይሉ ይቀንሳል፥ ሁለተኛ ቤንዚኑ በከንቱ ያልቃል።

ቱርቦ ምን እንደ ሆነ

የአገራችን ቀጥቃጭ ብረት ሲያቀልጥ ፍሙን በወናፍ ያናፋዋል። ከሰሉ ያው ከሰል ሲሆን፥ አየሩ ስለ በዛለት ብቻ እሳቱ ይበረታል። ቱርቦም ለሞተር እንደዚህ ያለ ወናፍ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቀጥቃጩን ወናፍ የሰው እጅ ያናፋዋል፥ ቱርቦን ግን የሚያዞረው ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ ራሱ ነው። ጢሱ በአንድ ወገን ያለውን መዘውር ሲያዞር፥ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው መዘውር ንጹሑን አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ይሰድዳል። ዘንጉም በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል።

ይህን ብልሃት መዠመሪያ በሕግ ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1905 ነበር። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ነገር የምናነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ አገር ወዳለው ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው ተራራ ራስ አስወጥቶ ፈተነው። ተራራው 4300 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት የሚያንስ ነው። ያ ሞተር በዝቅተኛው ስፍራ 350 የፈረስ ጕልበት ይሰጥ የነበረ ሲሆን በተራራው ራስ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት ግን እዚያው በተራራው ራስ ላይ 356 የፈረስ ጕልበት ሰጠ። ከዚህ እንደምናስተውለው ቱርቦ በመዠመሪያው ዘመኑ የተፈለገው ለሩጫ ውድድር ሳይሆን፥ የሳሳውን አየር ለመካስ ነበር። ስለዚህ በደጋ አገር የሚኖር ልጅ ስለ ቱርቦ ቢጠይቅ ጥያቄው የቅብጠት አይደለም፥ የብልህ ጥያቄ ነው።

በጭነት መኪኖች ላይ ጥቅሙን ሁሉም ያየዋል። በጥንቱ ዘመን ቡና ያመላልሱ የነበሩት ኤን ትሬ የሚባሉት ፊያቶች ቱርቦ አልነበራቸውም፤ የዛሬዎቹ ከባድ መኪኖች ግን አለ ቱርቦ የሚሠሩ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን እነዚህ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። የናፍጣ ሞተር በመጭመቂያው ጊዜ የሚጨምቀው አየር ብቻ ነው፤ ናፍጣው የሚገባው በመጨረሻ ነው። የቤንዚን ሞተር ግን አየሩንና ቤንዚኑን አንድ ላይ ስለሚጨምቅ፥ ጭመቃው ከልክ ሲያልፍ ካንዴላው ብልጭታውን ሳይሰጥ ቤንዚኑ በገዛ ራሱ ይፈነዳል። በጭነት መኪና ያየነውን በታናሽ ሞተር ብስክሌት ላይ እንዲሁ ልናስብ የማይገባን ስለዚህ ነው።

ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ያደረጉት

ቱርቦን በሞተር ብስክሌት ላይ ከፋብሪካ አስገጥሞና ከኢንጀክሽን ጋራ አዋሕዶ በብዛት ለገበያ ያወጣ የመዠመሪያው የጃፓኑ ሆንዳ ነው። በ1982 ሲኤክስ 500 ቱርቦ የሚባለውን አወጣ። ስፋቱ 497 ሲሲ ሲሆን ቱርቦ የሌለው ወንድሙ 50 የፈረስ ጕልበት ያህል ሲሰጥ፥ ይህ 82 ሰጠ። ነገሩን በቍጥር ብቻ ለተመለከተ ሰው በጣም የሚያስጐመጅ ነው።

ሆኖም ፋብሪካው ቱርቦውን በነበረው ሞተር ላይ እንዲያው አልለጠፈውም። የጭመቃውን መጠን ከ10 ለ1 ወደ 7.2 ለ1 አወረደው፤ ይህም ከላይ የተናገርነው ፍንዳታ እንዳይነሣ ነው። ሞተሩም በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። አየሩ ወደ ሞተሩ ሳይገባ የሚጠራቀምበት ክፍል አበጀለት። ቤንዚኑንም በኤሌክትሮኒክ በሚታዘዝ መርጫ አደረገው። ይህን ሁሉ ያደረጉት በብዙ ገንዘብ በብዙ መሐንዲሶች ነው። ያማሃም በ1982፥ ሱዙኪ በ1983፥ ካዋሳኪ በ1984 እያከታተሉ የየራሳቸውን ቱርቦ አወጡ። ነገር ግን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አራቱም ሥራውን ተዉት። የቱርቦው ሞተር ብስክሌት ዋጋው የተወደደ፥ ክብደቱ የጨመረ፥ ጥገናው የተወሳሰበ ስለ ሆነና ያንኑ ኀይል ሰፋ ካለ ሞተር በቀላሉ ማግኘት ስለሚቻል ነው። የሠሩት ራሳቸው የተዉትን ነገር በመንደር ጋራዥ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባዋል።

በ125 ሲሲ ሞተር ላይ ስለሚያመጣው ችግር

መዠመሪያው ችግር የመጠን ነው። 125 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 8000 ጊዜ ቢዞር፥ የሚተነፍሰው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለ ሆነ 4000 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ይህም በደቂቃ 500 ሊትር አየር ይሆናል። ከትንንሾቹ ቱርቦዎች መካከል የታወቁት የተሠሩት 660 ሲሲ ለሆኑት ለጃፓን ትንንሽ መኪኖች ነው። እንዲህ ያለው መኪና በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር 2000 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ የታናሹ ሞተር ትንፋሽ ለዚያ ቱርቦ ሩብ ያህል ብቻ ነው። የሕፃን ትንፋሽ የታላቁን ሰው እንቢልታ እንደማያስጮኸው ሁሉ፥ የታናሹም ሞተር ጢስ መዘውሩን እንደሚገባ ሊያዞረው አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የአንድ ፒስተን ሞተር ጢሱን በተከታታይ ሳይሆን እየቈራረጠ መትፋቱ፥ አየሩንም እየቈራረጠ መጐንጨቱ ነው። ስለዚህ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል አየሩ የሚያርፍበት ማጠራቀሚያ ካልተደረገ ወናፉ ቢያናፋም ትንፋሹ ፍሙ ዘንድ አይደርስም። ኀይሉም በሚመጣበት ጊዜ ዘግይቶና ድንገት ይመጣል። በዝናብ ጊዜ በቀይ ጭቃ መንገድ፥ በጠመዝማዛ ቍልቍለት ላይ ይህ ምን እንደሚያደርስ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የታናሹ ሞተር ብስክሌት ፍሬን፥ ጎማና ሻንሲ የተሠሩት ለ11 የፈረስ ጕልበት ነው እንጂ ለ20 አይደለም።

ሦስተኛው የሙቀት ነገር ነው። ያረጁት ታናናሽ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በነፋስ ብቻ ነው። በዳገት ላይ በዝግታ ሲሄዱ ነፋሱ ያንሳል፥ ሥራው ግን ይበዛል። ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ሲቀልጥ 660 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ የሚነድደው ጢስ ሙቀት ግን ከ2000 ዲግሪ ያልፋል። ፒስተኑን ከመቅለጥ የሚያድነው ሙቀቱ ወዲያው ወዲያው ወደ ካሚቻውና ወደ ዘይቱ መተላለፉ ብቻ ነው። አየርና ቤንዚን ጨምሮ እሳቱን ያበረታ ሰው ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል። ቤንዚኑ ከተገቢው ጥቂት ቢያንስ፥ ወይም ጭመቃው በ9 ለ1 እንዳለ ቱርቦው ቢገፋው፥ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ቀጥሎም የፒስተኑ ራስ ይበሳል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይነድዳል።

አራተኛው የዘይት ነገር ነው። የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው በግፊት በሚመጣ ንጹሕ ዘይት ላይ ነው። ታናሹ ሞተር ግን በሆዱ ያለው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ሲሆን ፖምፓውም ለራሱ ብቻ እንዲበቃ የተሠራ ነው። ከዚህ ለቱርቦው ሲካፈል አንዱ ወይም ሌላው ይጠማል። ባለ ሁለት ምት ከሆኑት ከጥንቶቹ ያማሃዎች ወገን ለሆነ ሞተር ደግሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነው፤ የማርሚታው ቅርጽ ራሱ የሞተሩን ትንፋሽ እንዲረዳ ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በመካከሉ ቱርቦ ሲገባበት ልኩ ሁሉ ይበላሻል።

እርግጥ ነው፥ ብልህ ልጅ እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ «እኔ የምፈልገው ብዙ አይደለም፥ በሚዛን ተፈሪ የጐደለውን ከመቶ 16 ብቻ ይመልስልኝ፥ ሞተሩ በጅቡቲ ወደብ እንደሚሠራው ይሥራልኝ።» ይህ ክርክር እውነትነት አለው። ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ አየር ካላለፈ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለት ፈረስ ለማይሞላ ጕልበት ሲባል ቱርቦ፥ የአየር ማጠራቀሚያ፥ የዘይት ቧንቧ፥ የግፊት መቈጣጠሪያ፥ አዲስ ማርሚታና አዲስ የቤንዚን ሥርዐት መግዛት፥ ለአንድ ጆንያ እህል ሰባት በቅሎ እንደ መከራየት ያለ ነው።

ከሁሉ በላይ መታሰብ የሚገባው የቡናው ጊዜ ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ወደ መፈልፈያው መድረስ አለበት፤ በጆንያ ውስጥ ሲያድር ይሞቃል፥ ይቦካል፥ ጣዕሙም ይበላሻል። በለቀማው ወራት ሞተር ብስክሌቱ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ አንድ ሳምንት ቢቆም፥ የሚጠፋው የፒስተኑ ዋጋ ብቻ አይደለም፥ የሳምንቱም ቡና ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ፈጥኖ ከሚሄደው ሞተር ይልቅ ሁልጊዜ የሚነሣው ሞተር ይበልጥበታል።

ስለ ቤንዚን መርጫው

ቤንዚን መርጫው ወይም ኢንጀክሽኑ ግን ከቱርቦው ተለይቶ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚሰጠው አየሩ ሲያልፍ እየሳበው ነው። ኢንጀክሽን ግን ሐኪም መድኃኒቱን ለክቶ በመርፌ እንደሚሰጥ ያለ ነው። ፖምፓው ቤንዚኑን ከተራው የአየር ግፊት ሦስት እጥፍ ያህል ይገፋዋል፤ የአየሩን ግፊትና ሙቀት፥ የሞተሩን ሙቀት፥ የጋዙን መከፈትና የዘንጉን አዟዟር የሚመለከቱ ትንንሽ መሣሪያዎች ወሬውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሣጥኑ ያደርሳሉ፤ ሣጥኑም አስልቶ መርጫው ስንት ሺሕኛ የሰኮንድ እንዲከፈት ያዝዛል።

ለደጋ አገር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አንድ ሰው በጧት ከቴፒ ተነሥቶ ወደ ጌጫና ወደ ማሻ ደጋ ቢወጣ፥ አየሩ ሲሳሳ ሣጥኑ ራሱ ቤንዚኑን ይቀንሳል። የሳሳውን አየር አያወፍረውም፤ ስለዚህ በከፍታው የጠፋው ኀይል አይመለስም። ነገር ግን ያለው አየር ሳይባክን ይሠራበታል፥ ጢሱ ይጠራል፥ ቤንዚኑም ይቈጠባል። ካዋሳኪ በ1980 በትልቅ ሞተር ብስክሌት ላይ ኢንጀክሽን አውጥቶ ነበር፤ ህንድም በ2020 የጢሱን ሕግ ባጠበቀች ጊዜ የታናናሾቹ ሞተር ብስክሌቶች ፋብሪካዎች ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክሽን ዞሩ።

በአሮጌው ላይ ለመግጠም ግን ሦስት ነገር አስቀድሞ መመርመር ያሻል። አንደኛ፥ የአሮጌው ሞተር ዲናሞ የተሠራው መብራቱን ለማብራትና ካንዴላውን ለማገልገል ነው፤ ፖምፓውና ሣጥኑ የሚፈልጉት ኤሌክትሪክ ሲጨመርበት ሊያንሰው ይችላል። ሁለተኛ፥ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ባትሪው ቢሞትም ብዙ ጊዜ በእግር ተረግጦ ይነሣል፤ ኢንጀክሽን ያለው ግን ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ እንቢ ሊል ይችላል፥ በጫካ መካከልም ባለቤቱን ያስቸግራል። ሦስተኛ፥ የመርጫው ቀዳዳ እጅግ የጠበበ ነው። ማደያ በራቀበት ስፍራ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ውሃና ጕድፍ ያለበት እንደ ሆነ፥ ካርቡሬተር ተፈትቶ ሊታጠብ ሲችል መርጫው ግን ተደፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ኢንጀክሽን የሚመኝ ቤት ከፋብሪካው እንዲሁ ሆኖ የተሠራውን ቢገዛ ይሻለዋል፤ በአሮጌው ላይ የሚያስገጥም ግን ጥሩ ዲናሞ፥ ጥሩ ማጣሪያና ሣጥኑን በኮምፒዩተር ማስተካከል የሚያውቅ ባለሙያ ሳይኖረው አይዠምር።

ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ አዲስ ዕቃ ከመጨመር በፊት የነበረው ዕቃ የነበረውን ኀይል ሁሉ እየሰጠ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በበጋው ወራት የዚያ አገር ቀይ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ይህን ብቻ ማጽዳት ወይም መለወጥ ብዙ ጊዜ የጠፋውን ጕልበት ይመልሳል። ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታ፤ ቀለሙ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ቡናማ እንደ ሆነ ድብልቁ ደኅና ነው፥ እንደ ጥላሸት የጠቈረ እንደ ሆነ ግን ቤንዚኑ በዝቷል። በዚህ ጊዜ የካርቡሬተሩ ጂግለር ለከፍታው በሚስማማ በአነስተኛ ቍጥር ይለወጥ። የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ። ጭመቃው ይመርመር፤ ያነሰ እንደ ሆነ ፋሻው ይለወጥ። የፍሬኑም ሸራ አብሮ ይታይ።

ከዚህ በኋላ ዳገቱ አሁንም ቢያስቸግር አንድ ቀላል መፍትሔ አለ። ሰንሰለቱን ከሞተሩ በኩል የሚያዞረው ፒኞን 15 ጥርስ ያለው ቢሆን፥ በ14 ጥርስ ቢለወጥ፥ የኋላው ጎማ የመሳብ ጕልበት ከመቶ 7 ያህል ይጨምራል። በምትኩ የመጨረሻው ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጆንያ ለተጫነበት ሞተር ፍጥነቱ ምን ያደርግለታል? ቱርቦው በብዙ ወጪ ይመልሰዋል ከተባለው ኀይል ግማሹን ያህል ይህ አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ በዳገት ላይ ይተካዋል።

ስለ ልጁና ስለ ሕጉ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፥ ወላጆች ልጁን «ተወው፥ አይሆንም» ብለው ብቻ እንዳይመልሱት እንለምናለን። የዳገትን ድካም አይቶ መድኃኒቱን የሚፈልግ ልጅ ለአገር የሚጠቅም ልጅ ነው። እንጀራ በሚያመጣው ሞተር ብስክሌት ላይ ሳይሆን፥ ከጋራዥ በርካሽ በሚገኝ በሞተ ሞተር ላይ ይሞክር። ይፍታው፥ ይለካው፥ ያጥበው፥ መልሶም ይግጠመው። የአንድ ሞተር ትንፋሽ ስንት ሊትር እንደ ሆነ በራሱ እጅ ያስላ። በአገሩም ትምህርት ቤት አለለት፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በቴፒ ግቢው የምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ቃል ለቄስ ትምህርት ብቻ የተነገረ አይደለም፥ ቱርቦ ለመግጠም ለሚሻም ይስማማዋል።

የሕጉንም ነገር መዘንጋት አይገባም። የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር በሊብሬው ተጽፎ ይገኛል፤ የተሽከርካሪው ሁኔታም በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቍጥር 799/2005 የታዘዘ ግዴታ ነው። ስለዚህ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ትልቅ ለውጥ ለማድረግ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የአካባቢውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና መድን የገባበትን ኩባንያ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ቢይዝ፥ ኋላ አደጋ ቢደርስ ከሚመጣበት ክርክር ይድናል።

ለማጠቃለል፥ የታናሹ ሞተር ብስክሌት ድካም መነሻው ሦስት ነው፤ የሳሳ አየር፥ ያልተስተካከለ ቤንዚንና የቸልተኝነት አያያዝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በትንሽ ወጪና በትጋት ማዳን ይቻላል። መዠመሪያውን ግን ቱርቦ ሊያድነው ቢችልም፥ በ125 ሲሲ አሮጌ ሞተር ላይ ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስደው ይበዛል። በዚህ ዓመት ለቀማው ከመድረሱ በፊት አባትና ልጅ አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ማጣሪያውን ቢያጸዱ፥ ካንዴላውን ቢመለከቱ፥ ፒኞኑንም ቢለውጡ፥ ሞተሩም በዳገቱ ላይ ይበረታል፥ ቡናውም ሳይቦካ በቀኑ ይደርሳል፥ ልጁም ከአባቱ ጋራ የሠራው ሥራ የዕውቀቱ መዠመሪያ ይሆንለታል።